ጓንዡ ላይ የት ይታረፋል? የሰፈርና የመንገድ ምርጫ ለነጋዴም ለእንግዳም

ወደ ደቡብ ቻይናዋ የንግድ ከተማ ጓንዡ ለመሄድ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሆቴል ዋጋ ነው። ክፋት የለውም። ግን ከሱ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ምን ልትገዙ ነው የምትሄዱት? ከተማዋ ልክ እንደ መርካቶ በተራ የተከፋፈለች ናት። የሰዓት መንገድ አላት። የቦርሳና የቆዳ ሰፈር አላት። የጨርቅ ሰፈር፣ የመጫወቻ መንገድ፣ የሻይ ቅጠል ገበያ አላት። ልዩነቱ ከአንዱ ተራ ወደ ሌላው በእግር ዘልቆ መሻገር አለመቻሉ ነው። አንዳንዴ በሜትሮም ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሆቴል ላይ መቶ ዩዋን አተርፋለሁ ብሎ ከገበያው ማዶ ያደረ ሰው፣ ያተረፈውን በመንገድና በድካም ይመልሳታል።

መጀመሪያ ካርታውን በጭንቅላታችሁ ያዙት። የፐርል ወንዝ ከተማዋን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰንጥቋት ያልፋል። ከወንዙ በስተሰሜን ሦስት ክፍለ ከተሞች ጎን ለጎን አሉ። በምዕራብ አሮጌው ሊዋን፣ መሀል ላይ ዩዌሹ፣ በምሥራቅ ዘመናዊው ቲያንኸ። ወንዙን ወደ ደቡብ ስትሻገሩ ሃይዡ ነው። ከሦስቱ በላይ ወደ ሰሜን ባይዩን ይመጣል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ያለው በዚያ አቅጣጫ ነው። ጓንዡ በጠቅላላው 11 ክፍለ ከተሞች አሏት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ ከ18 ሚሊዮን በላይ ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። የነጋዴና የእንግዳ ኑሮ ግን ከእነዚህ ከአምስቱ ብዙም አይወጣም።

የወደብ ከተማ ናት ሲባል ከሆቴል መስኮት መርከብ አያለሁ ብሎ የሚጠብቅ አለ። አታዩም። ትልልቆቹ የኮንቴይነር መርከቦች የሚቆሙት ናንሻ ነው፤ ከመሀል ከተማ ወደ ደቡብ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መሀል ከተማ ወንዙ ላይ የምታዩት ሰው የሚያሻግሩ ጀልባዎችንና ማታ ማታ መብራት ለብሰው ቱሪስት የሚያዞሩ መርከቦችን ነው። የድሮው ታሪክ ግን መሀል ከተማ ውስጥ ነው የተቀበረው። ከ1757 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. ምዕራባውያን ከቻይና ጋር በባሕር መነገድ የተፈቀደላቸው በዚህች ከተማ ብቻ ነበር። ያኔ የውጭ ነጋዴዎች መጋዘኖች በነበሩበት አካባቢ ዛሬ የልብስ ጅምላ ገበያ አለ። ወደሱ እንመለሳለን።

ሺያኦቤይ ወይስ ሳንዩዋንሊ?

አብዛኛው ሐበሻ የሚጀምረው ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ነው።

ሺያኦቤይ ዩዌሹ ውስጥ፣ ሁዋንሺ በሚባለው ትልቅ ጎዳና ዳር ያለ ሰፈር ነው። በሜትሮ መስመር 5 ላይ በራሱ ስም ጣቢያ አለው። የሰፈሩ ምልክት ቲያንሹ የሚባለው ረጅም ሕንፃ ነው፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአፍሪካና የዓረብ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነው። ታች ያሉት ፎቆች በትንንሽ ሱቆች የተሞሉ ናቸው። ከአጠገቡ ባኦሃን የምትባል ጠባብ መንገድ አለች። የየመን፣ የቱርክና የኡይጉር ምግብ ቤቶች አካባቢውን ሞልተውታል። ሲም ካርድ፣ ተርጓሚ፣ ካርጎ ቢሮ፣ ሻንጣ ሻጭ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ሁሉም በእግር ርቀት ነው። እንጀራ ያማረው ሰውም መጠየቅ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ሳንዩዋንሊ ደግሞ ከጓንዡ ባቡር ጣቢያ በስተሰሜን፣ በሜትሮ መስመር 2 ላይ ነው። ዋናው መንገድ ጓንግዩዋን ምዕራብ ይባላል። ካናን የሚባለው ገበያ እዚያ ነው፤ በተለይ የናይጄሪያ ነጋዴዎች በብዛት የሚውሉበት ነው። በጥቅሉ ክፍሎች ከሺያኦቤይ ይረክሳሉ። ጠባይዋም ይለያል። ሺያኦቤይ እንግዳ ተቀባይ ሰፈር ነው፤ ሳንዩዋንሊ ሥራ ብቻ ነው። ካርቶን የሚያስሩ፣ በኤሌክትሪክ ሞተር ዕቃ የሚያመላልሱ፣ በካልኩሌተር የሚከራከሩ ሰዎች ናቸው መንገዱን የሚሞሉት። በነገራችን ላይ ቻይናውያን ሳንዩዋንሊን የሚያውቁት በንግድ አይደለም። በ1841 የሰፈሩ ገበሬዎች የእንግሊዝን ጦር ተነስተው የተጋፈጡበት ቦታ ነው፤ መታሰቢያም ቆሞለታል።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ሺያኦቤይ እረፉ፤ ግን ሦስት አራት ሌሊት ብቻ። ስልኩ ይሠራል፣ ምግቡ ይገኛል፣ ሰው ትተዋወቃላችሁ። ከዚያ ግን ውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰፈሩ ስለተመቸው ገበያውም እዚያ ያለ ይመስለዋል። ቲያንሹ ላይ የምታዩት ዕቃ አብዛኛው ከሌላ የጅምላ ገበያ ወይም ከፋብሪካ መጥቶ በመካከል ሰው በኩል የሚሸጥ ነው። ለማየት ጥሩ ነው፤ ምን ምን እንዳለ ትለያላችሁ፣ ሳምፕል ትይዛላችሁ። ግዢውን ግን ምንጩ ላይ ሄዳችሁ ፈጽሙ። ለቦርሳ፣ ለጫማና ለቀበቶ የምትመላለሱ ከሆነ ደግሞ ሳንዩዋንሊ ይሻላችኋል፤ የጉዪሁዋጋንግ የቆዳ ገበያዎች ቅርብ ናቸው።

ሁለት ማሳሰቢያ። ሺያኦቤይ ላይ ፖሊስ ፓስፖርት የሚጠይቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዋናውን ፓስፖርት ሳትይዙ አትውጡ። መንገድ ላይ «ዶላር፣ ዶላር» እያሉ የሚጠሩ መንዛሪዎችም አሉ። ሕገ ወጥ ነው፤ ሐሰተኛ ብር የሚገባበትም መንገድ ነው። ባንክ ሂዱ።

ሰፈሩ ከኮቪድ በፊት የነበረውን ያህል ሞቅ አይልም። በ2020 ጸደይ አፍሪካውያን ከሚኖሩባቸው ቤቶችና ከሆቴሎች የተባረሩበት ክስተት ብዙ መንግሥታትን ያስቆጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አልተመለሰም፤ ግዢውን በዊቻት (በቻይናውያን የስልክ መልእክትና ክፍያ መተግበሪያ) ከአገሩ ሆኖ የሚጨርስ በዝቷል። የቀሩት ሱቆች ግን እንግዳ የለመዱ ናቸው።

ሃይማኖታዊ ነገር ለሚፈልግ ደግሞ አንድ የሺያኦቤይና የባቡር ጣቢያው አካባቢ ጥቅም አለ። ሺያንሺያን የሚባለው መስጊድ ቅርብ ነው። የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ (ሰሐባ) የሰዓድ ኢብን አቢ ወቃስ መቃብር ነው ተብሎ የሚከበር ቦታ አለው። የቻይና ሙስሊሞች ትውፊት ሰሐባው እስልምናን በባሕር ወደ ቻይና አመጣ ይላል፤ የተነሳውም ከሐበሻ ምድር ነው የሚል አለ። የታሪክ ሰዎች አይቀበሉትም፤ ግን ዓርብ ዓርብ አካባቢው በሰው ይሞላል።

ልብስ፦ ሦስት ገበያ፣ ሦስት ዓይነት ደንበኛ

ልብስ ነጋዴ ከሆናችሁ ሰፈር ከመምረጣችሁ በፊት ገበያ ምረጡ። ሦስቱን ልንገራችሁ።

ባይማ ከጓንዡ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። በ1993 የተከፈተ ትልቅ ሕንፃ ነው፤ አሳንሰር ያለው፣ ንጹሕ፣ ቀን ሙሉ የሚሠራ። የልብሱ ጥራት ከሦስቱ የተሻለ ነው፤ ዋጋውም እንዲሁ። ዙሪያውን ሌሎች የልብስ ሕንፃዎች ከበውታል። ከጀርባው ወደ ዣንሺ መንገድ ስትዞሩ ሰዓትና ጫማ ይመጣል። ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር፤ የታወቁ ስሞችን የለጠፈ ኮፒ ሞልቷል። ርካሽነቱ አያታልላችሁ። ቻይና ጉምሩክ ላይም አገር ቤትም ሊወረስ የሚችል ዕቃ ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ የሚመጣው በእናንተ ስም ነው። ምልክት የሌለው ሰዓት ግዙና ተኙ።

ሻኸ ያለው ቲያንኸ ውስጥ ነው፤ በመስመር 6 ሻኸዲንግ ላይ ወርዳችሁ ትደርሱበታላችሁ። የከተማው በጣም ርካሹ የልብስ ገበያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገና ጎህ ሳይቀድ ይከፈታል፤ እኩለ ቀን ሲቃረብ ሱቆቹ እየዘጉ ነው። ሻጩ ለማውራት ጊዜ የለውም። ዋጋ ይጠራል፤ ትወስዳላችሁ ወይ ትተዋላችሁ። መለካት የለም፣ መመለስ የለም። የሻንጣና የከረጢት ግፊያው ለደካማ ሰው አይሆንም።

ሺሳንሃንግ ደግሞ ያ የድሮው የውጭ ነጋዴዎች መጋዘን የነበረበት አካባቢ ነው፤ ሊዋን ውስጥ፣ ወንዙ ዳር። እሱም በጠዋት ተከፍቶ ከምሳ በኋላ ይቀዘቅዛል። ዋናው ሸቀጡ የወጣት ሴቶች ፋሽን ነው። አዲስ ዲዛይን ቶሎ የሚገባው እዚህ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ የሚቀየር መደርደሪያ አለ።

የቱ ይሻላል? ለመርካቶ በጅምላ የምታከፋፍሉ ከሆነ ሻኸ። ቦሌ ላይ ቡቲክ ያላችሁ ከሆነ ሺሳንሃንግ፤ የወንድ ልብስና የሥራ ልብስ ከሆነ ባይማና አካባቢው። ነገር ግን ሻኸም ሺሳንሃንግም የሚሸጡት በዋናነት ለቻይና ገበያ የተሰፋ ልብስ ነው። ይህ ማለት ቁጥሩ ትንሽ ነው። «ላርጅ» የሚለውን አምናችሁ ከጫናችሁ አዲስ አበባ ላይ ደንበኛው ትከሻው አይገባለትም። ሜትር ያዙ፤ የደረትና የዳሌ ልክ ራሳችሁ ለኩ። ለውጭ ገበያ የተሰፋ ሰፊ ቁጥር የምትፈልጉ ከሆነ ባቡር ጣቢያውና ሳንዩዋንሊ አካባቢ ያሉት ሱቆች የተሻለ ይይዛሉ።

ታዲያ የት ይታደር? ባቡር ጣቢያው አካባቢ ሆቴል ብዙ ነው፤ ግን እኔ አልመክርም። ደላላው፣ ሻንጣ የሚጎትተው፣ የሚያዋክበው ይበዛል። በሜትሮ አንድ ሁለት ጣቢያ ርቃችሁ ሺያኦቤይ ወይም ሳንዩዋንሊ እረፉና በመስመር 5 ወይም በ2 ግቡ። ለሻኸ የግድ ሌሊት መነሳት ስላለባችሁ፣ ሜትሮውም ጠዋት 6፡00 (በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት) ገደማ ነው የሚጀምረው፤ እዚያው አጠገብ ካልሆነ በታክሲ ነው። ለሺሳንሃንግ ግን ብዙ ነጋዴ የማይጠቀምበት ብልሃት አለ። ሻምየን እደሩ።

ሻምየን፦ ለነጋዴም የምትሆን ደሴት

ሻምየን ወንዙ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ደሴት ናት። ከሁለተኛው የኦፒየም ጦርነት በኋላ፣ ከ1861 ጀምሮ፣ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ተሰጥታ ነበር። አራት አምስተኛው የእንግሊዝ፣ ቀሪው የፈረንሳይ። የድሮ ባንኮችና ቆንስላዎች ሕንፃዎች እስካሁን ቆመዋል። ትልልቅ የጥላ ዛፎች አሉ፣ መኪናም ብዙ የለም። ሙሽራና ፎቶ አንሺ ነው የሚበዛው። በ1983 የተከፈተው ኋይት ስዋን የሚባለው ትልቅ ሆቴል እዚያ ነው፤ ውድ ነው። ከሱ ውጭ ግን መጠነኛ ማረፊያዎችም አሉ። ከሜትሮ ሁዋንግሻ ጣቢያ ድልድይ ተሻግሮ ይገባል።

ለምን ለነጋዴ ትሆናለች አልኩ? ሺሳንሃንግ በእግር ይደረሳል። ጠዋት ገበያውን ጨርሳችሁ፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲያይል ተመልሳችሁ ትተኛላችሁ። ከሰዓት በኋላ ቺንግፒንግ የሚባለው የባህል መድኃኒት ገበያ ድልድዩን እንደተሻገራችሁ ነው። ባለቤታቸውን ወይም ልጆቻቸውን ይዘው ለሚሄዱ ደግሞ ከሺያኦቤይ ጋር አይወዳደርም። ችግሯ አንድ ነው፤ ከአፍሪካውያን ሰፈር ትርቃለች። አገርኛ ቋንቋ የሚሰማበት፣ ዕቃ የሚላክበት ቢሮ አጠገባችሁ አይደለም።

የእግር ጎዳናዎች፦ ቤይጂንግ ጎዳና ወይስ ሻንግሺያጂዩ?

ለቤተሰብ ስጦታ የሚገዛ ሰው ሁለቱንም ይሰማል።

ቤይጂንግ ጎዳና ዩዌሹ መሀል ላይ ነው፤ በመስመር 6 በስሙ ጣቢያ አለው። ሰፊ፣ መብራት የበዛበት፣ የቻይና ብራንድ ጫማና ልብስ ሱቆች የተደረደሩበት ነው። መሀሉ ላይ በመስታወት ስር የድሮ መንገድ ንጣፎች ይታያሉ፤ በ2002 ሲቆፈር ነው የተገኙት፣ ከዘመን ዘመን አንዱ በአንዱ ላይ የተነጠፉ። ለአስር ደቂቃ ይበቃሉ።

ሻንግሺያጂዩ ሊዋን ውስጥ ነው፤ ቻንግሾው ጎዳና ጣቢያ ትወርዳላችሁ። እኔ ይህንን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዝናብ። ጓንዡ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ድንገት ነው የሚዘንበው፣ ሳይዘንብ ደግሞ ፀሐዩ ይጠብሳል። የዚህ ጎዳና ሕንፃዎች ፎቃቸው እግረኛው መንገድ ላይ ወጥቶ በአምድ የቆመ ነው። ከሱቅ ሱቅ ሳትረጥቡ ትሄዳላችሁ። የደረቀ ፍራፍሬ፣ ለውዝ፣ ጣፋጭ፣ ርካሽ ልብስ አለ። ዘወር ስትሉ ሁዋሊን የሚባለው የጄድ ድንጋይ ገበያ፣ ወደ ምዕራብ ትንሽ ስትሄዱ ታድሶ ካፌ የሆነው ዮንግቺንግ ፋንግ ይመጣል። ማታ ለወጣት ቤይጂንግ ጎዳና ይደምቃል፤ ለቀን ግን ሻንግሺያጂዩ።

ሦስተኛ መንገድ ልጨምር፤ ዪደ ጎዳና። ይህ ለሽርሽር አይደለም። መጫወቻ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ የልደትና የሠርግ ማስጌጫ፣ ሪባን፣ አርቴፊሻል አበባ በጅምላ የሚሸጥበት ነው። ዋንሊንግ የሚባለው የስጦታ ዕቃ ሕንፃም እዚያው ሃይዡ አደባባይ አጠገብ ነው። የሠርግ ዲኮር የሚሠራ ሰው ካላችሁ ሙሉ ቀን ስጡት። የደረቀ ዓሣ ሽታ ግን አብሮ አለ፤ መንገዱ የሁለቱም ነው። መሀል ላይ የቅዱስ ልብ ካቴድራል ቆሟል። ከ1863 እስከ 1888 ድረስ ከግራናይት ድንጋይ የተሠራ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። ገበያ ለደከመው ሰው ግቢው ጥሩ ማረፊያ ነው።

ጨርቅ ከሆነ ወንዙን ተሻገሩ

መጋረጃ፣ ሽፎን፣ ዳንቴል፣ ገበር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ የሚፈልግ ሰው ዩዌሹ ውስጥ ጊዜውን ባያጠፋ ይሻላል። ዦንግዳ ይሂድ። ሃይዡ ውስጥ፣ ከሱን ያት ሰን ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ በመስመር 8 ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሱቆች አሉ፤ ገበያው አንድ ሕንፃ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሰፈር ነው። ሻጩ ትንሽ ናሙና ቆርጦ ይሰጣችኋል፤ በያንዳንዱ ላይ የሱቁን ካርድ አያይዙበት። ማታ ሆቴል ስትገቡ ሃምሳ ቁራጭ ጨርቅ ይዛችሁ የቱ ከየት እንደሆነ አታስታውሱም።

አጠገቡ ካንግለ የሚባል ጠባብ መንደር አለ፤ ትንንሽ ስፌት ቤቶች የተጨናነቁበት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መንግሥት ስፌት ቤቶቹን ወደ ጎረቤቷ ቺንግዩዋን ከተማ ለማዛወር እየገፋ ነው። ስለዚህ የድሮ አድራሻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ በዊቻት ደውላችሁ አረጋግጡ። ማረፊያ ከዚያው መስመር ላይ ምረጡ፤ «ከጹን» (Kecun) የሚባለው ጣቢያ መስመር 3ንና 8ን ስለሚያገናኝ ለሁሉም ይመቻል።

ፓዡና የካንተን ትርዒት

የካንተን (ካንተን የጓንዡ የድሮ የውጭ ስም ነው) ትርዒት የሚባለው ከ1957 ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚካሄድ የንግድ ትርዒት ነው። ከ2008 ወዲህ ሙሉ በሙሉ ሃይዡ ውስጥ ፓዡ ላይ ነው። ጸደይ ላይ ከኤፕሪል 15 እስከ ሜይ 5፣ መኸር ላይ ከኦክቶበር 15 እስከ ኖቬምበር 4፣ በሦስት ዙር ይከፈላል። አንደኛው ዙር ኤሌክትሮኒክስና ማሽነሪ ነው፣ ሁለተኛው የቤት ዕቃና የግንባታ ዕቃ፣ ሦስተኛው ጨርቃ ጨርቅ፣ ጫማ፣ መጫወቻና የመሳሰለው። ማሽን ልትገዙ ሄዳችሁ ሦስተኛው ዙር ላይ ብትደርሱ ያለቀ ነገር ነው፤ ዙሩን አይታችሁ ትኬት ቁረጡ።

ለማን ነው? በኮንቴይነር ለሚያዝ ሰው። እዚያ የሚቆመው ፋብሪካው ራሱ ነው፤ የሚቀበለው ትንሹ ትእዛዝ እንኳ ብዙ ነው። ሁለት ሻንጣ ይዞ የሄደ ነጋዴ ካታሎግ ሰብስቦ፣ እግሩ አብጦ ይመለሳል። ትርዒቱ በሚካሄድበት ሰሞን የመላው ከተማ ሆቴል ዋጋ ይንራል፤ ፓዡ አጠገብ ደግሞ ይባስ። ትርዒቱ ጉዳያችሁ ካልሆነ በእነዚያ ሳምንታት አትሂዱ። ጉዳያችሁ ከሆነ ፓዡ ላይ አትፎካከሩ፤ በመስመር 8 ወይም እሱን በሚያገናኙ ጣቢያዎች ላይ እረፉ።

ቲያንኸ፦ ለማይገዛ ሰው

ቲያንኸ ሞልና ፎቅ ነው። ቲያንኸ ጎዳና ላይ ትልልቆቹ የገበያ ማዕከላት በተከታታይ ቆመዋል። ዡጂያንግ አዲስ ከተማ የሚባለው ክፍል ደግሞ የባንኮችና የቢሮዎች ሰፈር ነው፤ ዛሃ ሃዲድ የነደፈችው ኦፔራ ቤት እዚያ ነው። ከወንዙ ማዶ 600 ሜትር የሚረዝመው የካንተን ማማ ይታያል። ለስብሰባ፣ ለሕክምና፣ ለጫጉላ፣ ወይም ቤተሰብ ለማዝናናት የሄደ ሰው እዚህ ይረፍ። ነጋዴ ግን ምን ሊሠራ? ዋጋው የተለጠፈ ነው፣ አይከራከሩትም፣ ክፍሉም ይወደዳል። ኮምፒውተርና መለዋወጫ የሚፈልግ ብቻ ጋንግዲንግ የሚባለው ጣቢያ አካባቢ ይሂድ።

የቤት ዕቃ፣ ሴራሚክና ሶፋ ከሆነ ጓንዡ ውስጥ አትድከሙ። ፎሻን ሂዱ፤ ከ2010 ጀምሮ በሜትሮ ተገናኝተዋል። የለኮንግ የሶፋና የአልጋ ገበያ ለብዙ ኪሎ ሜትሮች የተዘረጋ ነው፤ እዚያው አድራችሁ ጨርሱ። የመብራት ዕቃ ደግሞ በዦንግሻን ከተማ ሥር ጉዠን ነው።

ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጠረጴዛ

ሜትሮው መስመር 3 ከአውሮፕላን ማረፊያው ይነሳል። ብዙ ሰው ይዞት እስከ መሀል ከተማ ይሄድና በሰው ይጨናነቃል። ሳንዩዋንሊ ወይም ሺያኦቤይ ለሚሄድ አቋራጭ አለ። ጂያኸዋንግጋንግ ላይ ውረዱና መስመር 2 ያዙ። ሳንዩዋንሊ ቀጥታ ነው፤ ለሺያኦቤይ ባቡር ጣቢያው ላይ ወደ መስመር 5 ትቀይራላችሁ። ሻንጣ ካበዛችሁ ግን ታክሲ ያዙ፤ የሆቴሉን አድራሻ በቻይንኛ ጽፋችሁ።

ሆቴል ስትገቡ ለፖሊስ የሚያስመዘግባችሁ ሆቴሉ ነው። ዘመድ ቤት ወይም አፓርታማ የምታርፉ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለባችሁ። ብዙ ሰው ይህንን ይንቃል፤ ቪዛ ሲያራዝም ችግሩ ይገጥመዋል። ዊቻትና አሊፔይን አገር ቤት እያላችሁ ጫኑ፣ ካርድ አያይዙ። ጉግል፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን አይሠሩም፤ ቪፒኤኑንም ከመነሳታችሁ በፊት ነው የሚጫነው።

ምግብ ለእኛ ሰው ፈተና ነው፤ የአሳማ ስብ የማይገባበት ወጥ ጥቂት ነው። በየትኛውም ሰፈር የሚሠራ መፍትሔ ግን አለ። አረንጓዴ ሰሌዳ ያለበት የላንዡ ኑድል ቤት ፈልጉ። የቻይና ሙስሊሞች ናቸው የሚሠሩት፤ በከተማዋ ሁሉ አለ፣ ርካሽ ነው። የጾም ሰው ደግሞ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አካባቢ ያሉትን የአትክልት ምግብ ቤቶች ይጠይቅ።

ሁለት ወቅት አስወግዱ። አንዱን ነገርኳችሁ፤ ትርዒቱ። ሌላው የቻይና አዲስ ዓመት ነው፤ በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ ይውላል። ከበዓሉ በፊትም በኋላም ሱቁ ዝግ፣ ፋብሪካው ባዶ ነው። ያዘዛችሁት ዕቃ ከወር በላይ ሊዘገይ ይችላል።

የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች የትም ብታሳልፉ፣ ዕቃችሁን ወደሚረከበው ካርጎ መጋዘን ቅርብ ሁኑ። ለአብዛኛው ሰው ይህ ማለት ተመልሶ ሺያኦቤይ ወይም ሳንዩዋንሊ መግባት ነው። ሱቆቹ ዕቃውን ወደ መጋዘኑ የሚልኩት በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ስለሆነ፣ ከበረራችሁ ቢያንስ ሦስት ቀን በፊት ግዢ አቁሙ። መጋዘን ሄዳችሁ ካርቶኖቹን ቁጠሩ፣ ጥቂቱን ክፈቱ፣ ስማችሁና ቁጥሩ በትክክል መጻፉን እዩ። በመርከብ ከሆነ ኮንቴይነሩ በጅቡቲ በኩል ገብቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም ሌላ ቦታ እስኪደርስ ወራት ሊወስድ ይችላል። የጎደለ ካርቶን ካለ የሚጠየቀው መጋዘኑ ውስጥ ቆማችሁ ነው፤ አዲስ አበባ ከገባችሁ በኋላ በዊቻት መከራከር ትርፉ ልፋት ነው።